ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝ። ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ባቡሩ ከላይ በሚያልፍበት አካባቢ፣ አንድ የሸራ ድንኳን አየሁና ዘው ብዬ ገባሁ። ውስጥ ወጣቶች ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው በተሰቀለው ጨርቅ ላይ «ነጻ የሕግ ምክር» ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ሹሩባ የተሠራች ልጅ ብድግ ብላ ወንበሯን ሰጠችኝና «አባባ፣ ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጉዳይ የለኝም፤ ዝናቡ እስኪያባራ ነው» አልኳት። «ይቀመጡ፤ እስኪያባራ ድረስ ጉዳይ ትዝ ካለዎት ይነግሩናል» ብላ ሳቀች። ተቀመጥኩ። የረጠበ ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ግን ከእነሱ ጋር መሆኔ ቀረ። የረጠበ ሸራ ለብዙ ሰው ምንም አይደለም። ለእኔ ለቅሶ ነው፣ እድር ነው፣ ልደታ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጄ ሰናይት ሃያ ዓመት የሞላትና ያልሞላት ሆና ከእኔ ጋር የምትከራከርበት ዘመን ነው።

ያኔ ልደታ ሌላ ነበረች። ዛሬ ፎቆቹ በተደረደሩበት ቦታ ሁሉ ግድግዳ ለግድግዳ የተደጋገፉ የጭቃ ቤቶች ነበሩ። ቆርቆሯቸው ዝጎ ቀይ ሆኖ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጎረቤት ከጎረቤት ለመነጋገር መጮህ ነበረበት። የእኔ ሱቅ ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የካሴት ቤት አጠገብ ነበረች። የካሴት ቤቱ ልጅ ጠዋት ጠዋት መንፈሳዊ መዝሙር፣ ከረፋድ በኋላ ዘፈን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይለቅ ነበር። አዲስ ካሴት በወጣ ሰሞን አንዱን ዘፈን ሳይወዱ በግድ በቃል ይዞ መዋል ነው። እኔም የእግር ስፌት መኪናዬን በዘፈኑ ምት ስረግጥ ራሴን እይዘውና አፍር ነበር። ታክሲ ስንሳፈር ስልሳ ሳንቲም የሰጠነው ረዳት አምስት ሳንቲም ለመመለስ ኪሱን ሲዳብስ «ወራጅ አለ» ይባልና ሳንቲሟ እዚያው ትቀራለች። ዳቦው እጅ የሚሞላ ነበር። ማኪያቶ በአንድ ብር ይጠጣ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ብር ለቡና የሚሰጥ ሰው አእምሮው ደህና አይመስለኝም ነበር። ሱሪ በአሥራ አምስት ብር ሰፍቼ፣ ካውያ መትቼ፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አጥብቄ አስረክባለሁ። ሳልባጅ ገብቶ ሥራችንን ገደለው እንጂ ሰው ልብሱን የሚያሰፋበት ዘመን ነበር። ጎረምሶቹ መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ጂንስ ማድረግ ጀምረው ነበር፤ ሱቄ መጥተው «ጋሼ፣ አስፉልን» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን ሰው ልኩን እንዲለብስ የደከምኩ ሰው ነኝ።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ጨርቅ ይጠቀለልባቸው የነበሩትን አሮጌ ጋዜጦች እያየሁ፣ ያልገባኝን ደንበኛ እየጠየቅኩ ነው። ስለዚህ ልጆቼን ሳሳድግ ትምህርት ቀልድ አልነበረም። እንደ ካውያ ነበርኩ፤ የምሞቀው ላቃና እንጂ ላቃጥል አይደለም ብዬ አስብ ነበር። ልጆቼ ሌላ ሊሉ ይችላሉ፤ እነሱም ይጻፉ። ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሕግ ስታጠና ለሠፈሩ ሁሉ አልተናገርኩም፤ ትዕቢት አይወደድም። ግን የሠፈሩ ሰው ሁሉ እንዲያውቅ ሆኗል፤ በምን መንገድ እንደሆነ አላውቅም።

አንድ ቀን ሱቄ መጣች። ሁልጊዜ የምትለብሳት ሰማያዊ ሹራብ አለች፤ ክርኗ ላይ እኔው የጠገንኳት።

«አባባ፣ የእድሩን ድንኳን ለቅዳሜ ይሰጡናል?»

የእድራችን ዕቃ ያዥ እኔ ነበርኩ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። «ማን ሞተ?» አልኳት።

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ድንኳን ምን ይሠራል?»

እሷና ጥቂት የክፍል ጓደኞቿ ለሠፈሩ ሰው የሕግ ምክር ሊሰጡ አስበዋል። ቢሮ የላቸውም። «ሰው ቢሮ ይፈራል» አለችኝ። «ፍርድ ቤት አጠገቡ ቆሞለት እንኳ በሩን ይፈራል። ድንኳን ግን ሳይጠራ ይገባል።»

«ስንት ልታስከፍሉ ነው?»

«በነጻ ነው።»

«በነጻ የተሰጠ ምክር ማን ይሰማል? ሰው ተጠንቅቆ የሚለብሰው የከፈለበትን ሱሪ ነው።»

«እርስዎ የእድሩን ድንኳን ሲጠግኑ ያስከፍላሉ እንዴ አባባ?»

የእድሩን ሰብሳቢ አስፈቅጄ ሰጠኋት። ካስማ እንዳትጥሉ፣ ሸራው ሳይደርቅ እንዳትጠቀልሉ፣ ድንገት ሰው ከሞተ ደግሞ በዚያችው ሰዓት ትነቅላላችሁ አልኳት። «እሺ፣ ሰው እንዳይሞት እንጸልያለን» አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ከቀበሌው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ተከሉት። የተማሩ ልጆች ናቸው፤ «ነጻ የሕግ ምክር» የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካው ብለው ከድንኳኑ ውስጥ ሰቀሉት። የሚነበበው ገብቶ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። በእኛ ሠፈር ደግሞ ድንኳን ተተክሎ የሚታይ ከሆነ ትርጉሙ አንድ ነው። ጥሩምባው ሳይሰማ ቀርቶ ይሆናል ይባላል እንጂ ድንኳኑ ይዋሻል አይባልም።

መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ብርቄ ነበሩ። እትዬ ብርቄ ለቅሶ ላይ ድምፃቸው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ፣ ሰው የሚያስለቅሱ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና በር ላይ ቆሞ እንግዳ ሊቀበል የተዘጋጀውን ረጅሙን ነቢልን አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ» አሉት። ነቢል የመርካቶ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በክፍላቸው ካሉት ሁሉ ተጫዋቹ እሱ ነበር። «አሜን» አላቸው። እንግዲህ ሟቹ የእሱ ዘመድ ነው ማለት ነው። እሳቸው ሲያለቅሱ መንገደኛው ሰማ፤ ከዚያም የጎረቤት ሰው ግር ብሎ መጣ። ወንዱ ጋቢውን ደርቦ፣ ሴቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወንበሩን ሁሉ ሞሉት።

ሰናይት እየሮጠች ሱቄ መጣች። «አባባ ይድረሱልን፤ ሰው እያለቀሰ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። አልሞተም ስንላቸው ይብሳሉ። መርዶ የሸሸግናቸው መስሏቸዋል።»

እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ መርዶ ተሸሽጎ፣ ሰዓቱ ተመርጦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ልጆቹ «ሁሉም ደህና ነው» ባሉ ቁጥር ሰው ደረቱን ይመታል። እያንዳንዱ የራሱን ዘመድ እየጠራ፣ ክፍለ ሀገር ያለውን፣ ታሞ የተኛውን እያሰበ ያለቅስ ነበር። ስገባ ያየሁት ይህን ነው። መሃል ላይ ቆምኩ፤ የእድሩ ሰው መሆኔን ስለሚያውቁ ዝም አሉልኝ፤ ማንም እንዳልሞተ፣ ልጆቹ ድንኳኑን ለምን እንደተከሉ ነገርኳቸው።

እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን ጠርገው ነቢልን አዩት። «ታዲያ ይሄ ቀውላላ አሜን ያለኝ ለምንድን ነው?»

«ምርቃት መስሎኝ ነው እትዬ» አለ ነቢል።

ሳቅ ሆነ። ግን ሁሉም አልሳቀም። አንዳንዱ ተቆጣ። «ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሞትን መጥራት ነው፤ አሁኑኑ ይነቀል» አሉ። እኔም በልቤ ያንኑ እያሰብኩ ነበር። ካስማውን ልነቅል ጎንበስ ስል ነው ከኋላ ወንበር የለቅሶ ድምፅ የሰማሁት። ሰው ሁሉ ካቆመ በኋላ አንዲት ሴት አላቆመችም። አስካለ ነበረች፤ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤቴ። ባሏ ግርማ ከሞተ ገና ጥቂት ወር ነው፤ ከሏን አላወጣችም።

«ይብቃሽ እንግዲህ፤ ሰው አልሞተም ተባለ እኮ» አሏት እትዬ ብርቄ።

«የእኔ ሞቷል» አለች። «ግርማ የሞተ ጊዜ ይሄው ድንኳን ነው የተተከለው። ድንኳኑ ቆሞ ሳለ ሚስቱ ነበርኩ። ሲነቀል ሠራተኛው ሆንኩ።»

ከዚያ ወዲያ ስለ መንቀል የተናገረ የለም። እኔም ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። ትልቅ ሰው፣ ድምፀ ጎርናና፣ ከጉዞ ሲመለስ ለሠፈሩ ልጆች ቴምር የሚያድል። ልጅ አልወለዱም። ከአስካለ ጋር ያንን ቤት አብረው ሠሩት፤ ጭቃውን ስታቦካ እኔ አይቻለሁ። ሰርግ ግን አልነበረም፤ ቀበሌም ሄደው አልፈረሙም። ግርማ ሲሞት የወንድሙ ልጅ አየለ ከወሊሶ መጣ። ለቅሶውን ተቀመጠ፣ እስኪሰለስት ቆየ፣ ከዚያ ጠበቃ ያዘና ወራሹ እኔ ነኝ አለ። «አንቺ የአጎቴ ሠራተኛ ነሽ፤ ክረምት ሳይገባ ልቀቂ» አላት። መሄጃ የላትም። ቤተሰቦቿ በልጅነቷ አልቀዋል። ከዚያ ቤት ብትወጣ የምታድረው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ቤቷን ብቻ ሳይሆን ዕድሜዋን ሁሉ «አልነበረም» እያላት ነበር።

ሰናይት አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ አዳመጠቻት። እኔ ልጄን እንዲያ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ትከራከራለች፣ ወይ ታነባለች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ጋብቻ የሚረጋገጠው በወረቀት ብቻ አይደለም፤ ባልና ሚስት ነን ብለው የኖሩ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቱም እንደዚያ የሚያውቃቸው ከሆነ ሕጉ ይቀበላቸዋል አለቻት። «ግን ቤቱን በሙሉ አያደርግልሽም፤ ድርሻሽን ነው። የሟቹ ድርሻ ለወራሹ ነው። አሁን ልነግርሽ የፈለግሁት በኋላ እንዳታዝኚብኝ ነው» ስትላት ልቤ ረካ። ደስ የሚለውን ብቻ የሚናገር አማካሪ ከሌባ አይሻልም።

«ምስክሮች ያስፈልጋሉ» አለች ቀጥላ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከሁሉም በፊት የማውቃት እኔ ነኛ።

«እኔ አልምልም» አልኩ።

ያን ዘመን የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። መሃላ እንደ እሳት ነው የሚፈራው። አባቶቻችን በእውነት እንኳ ላለመማል ሀብታቸውን ትተው ሄደዋል። የመሃላ ዕዳ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። ዛሬ ወጣቱ ታክሲ ውስጥ ስልክ ይዞ ጠመንጃ ያዥ ሆኖ «ሜክሲኮ ደርሻለሁ፣ እናቴን» ሲል እሰማለሁ፤ እናቱን ያህል ነገር ለአንድ ፌርማታ። እኔ ልጆቼን በማርያም እንኳ እንዳይሉ ነው ያሳደግኳቸው። ሰናይትም ታውቃለች፤ ስለዚህ ሰው ፊት አልተከራከረችኝም። በነጋታው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን አጠገቤ እየሄደች ጀመረች።

«አባባ፣ ለምን እምቢ አሉ?»

«ሰርጋቸውን አላየሁም።»

«ሰርግ አልነበረም እኮ።»

«አየሽ፣ እኔም ያንን ነው የምልሽ።»

ትንሽ ሄድን። የልደታ ምእመን ነጭ ለብሶ መንገዱን ሞልቶታል፤ ጧፍ ሻጮቹ፣ ሎሚ ሻጮቹ፣ ሁሉም ያውቀኛል፤ ሰላም እያልኩ ነበር የምሄደው።

«እውነቱን ልንገርሽ» አልኳት። «ስትመጣ በሠራተኝነት ነው የመጣችው። እሱ መንገድ ሲሄድ ያኔ የተከራየውን ቤት የምትጠብቅለት ቀጥሮ። እኔ ዓይኔ እያየ ነው። ያ ጠበቃ ቢጠይቀኝ አልዋሽም። እውነት ተናግሬ ከምጎዳት ዝም ብል አይሻልም?»

ቆመች። እኔም ቆምኩ።

«አባባ፣ ሱሪ ሲሰፉ አንዱን እግር ብቻ ሰፍተው ይሰጣሉ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በሠራተኝነት ገብታለች፤ ይናገሩት። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነችም ይናገሩት። እኔ አይዋሹልን፣ አይደብቁልን ነው የምለው፤ ግን ከመሃል አይቁረጡት። ሰርግ በልተው እንደሆነ የሚጠይቅዎት የለም። እንደ ምን ያዩዋቸው ነበር ነው ጥያቄው።»

«ጠበቃው ከመሃል ቢያስቆመኝስ?»

«እሱን እኔም እፈራለሁ» አለች። አላባበለችኝም። እንዲያውም ያሸነፈችኝ በዚህ ይመስለኛል፤ አይፈሩ ብትለኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።

ተማሪዎቹ ገና ፈቃድ ስለሌላቸው ችሎት ቆመው ሊናገሩላት አይችሉም። የሚችሉት አቤቱታዋን መጻፍና እሷን ማዘጋጀት ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንኳኑ ውስጥ፣ አሁን ጽሑፉ በውጭ በኩል ተሰቅሎ፣ ፍርድ ቤት አስመስለው ያለማምዷት ጀመር። ነቢል የአየለን ጠበቃ ሆኖ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይመጣባታል። «ሴትዮ፣ ደመወዝሽ ስንት ነበር?» ሲላት መጀመሪያ ሰሞን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅስ ነበር። እትዬ ብርቄ ከተመልካች መሃል «አንተ አሜን፣ ተዋት» ብለው ይቆጡታል። ስሙ በዚያው ቀረ። በኋላ በኋላ ነጠላውን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ቀና ብላ መለሰችለት፤ «ደመወዝ የሚከፈለኝ ጊዜ ነበር። ግርማ ደመወዜን ያቆመው ቤቱን አብረን ስንሠራ ነው። አላስቀረብኝም፤ በባልና ሚስት መሃል ደመወዝ የለም።» ነቢል ትወናውን ረስቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ቀጠሮው ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ከሱቄ በእግር የሚደረስ ነው፤ ዘመኔን ሙሉ በደጁ አልፌያለሁ፤ ገብቼው ግን አላውቅም። የቅዳሴ ኮቴን ለበስኩ። ኮሪደሩ ላይ ሰው እንደ ሆስፒታል ወረፋ ግድግዳ ተደግፎ ተራውን ይጠብቃል። ችሎቱ ትንሽ ክፍል ናት። ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ወጣት፤ ይህን አልጠበቅኩም ነበር። አስካለ ከፊት ለብቻዋ ተቀመጠች። ማዶ አየለና ጠበቃው። ተማሪዎቹ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ልጄ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች። ከእኔ በፊት የገቡት ምስክሮች ባልና ሚስት ናቸው ብለው ወጡ። ጠበቃውም «ሰርጉን አይታችኋል?» እያለ ሸኛቸው። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። መጽሐፉ ላይ እጄን አሳረፍኩ። መርፌ ክር የማስገባበት እጅ ነው፤ መሃላ ነክቶ አያውቅም።

ጠበቃው ጨዋ ሰው ነበር። «አቶ ሽብሩ፣ ሰው አክባሪ፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ መሆንዎን ሰምቻለሁ» ብሎ ጀመረ። «ይህች ሴት ወደ ሟቹ ቤት ስትመጣ በምን ነበር የመጣችው?»

«በሠራተኝነት።»

ክፍሉ ውስጥ ጉምጉምታ ሆነ። አስካለ አንገቷን ደፋች። አየለ ወደ ጠበቃው ዞሮ ፈገግ አለ።

«በደመወዝ?»

«በደመወዝ።»

«ከዚያ በኋላ ሰርግ ተደርጎ፣ ተፈራርመው ያዩት ነገር አለ?»

«የለም። ነገር ግን…»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ጥያቄዬን ጨርሻለሁ።»

ከመሃል ቆረጠኝ። የፈራነው ደረሰ። አንዱን እግር ብቻ የሰፋሁት ሱሪ ይዤ ቆምኩ። ወደ ኋላ ዞሬ ሰናይትን ላያት አልደፈርኩም። በእኔ እውነት ይህች ሴት ከቤቷ ልትወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ይውጡ እስክባል ጠበቅኩ።

ዳኛዋ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «አባት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሠራተኛ ነበረች ብለዋል። እስከ መቼ?»

«እኔ እስከማውቀው የግርማ እናት እስከሞቱ ድረስ፣ ክብርት ዳኛ» አልኩ። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ለእሷ ግርማ ልብስ ሲገዛ የተሰፋ ነበር የሚገዛው። ልኳን ወስጄ አላውቅም። እናቱ ሀገር ቤት ሞተው መርዶው የተነገረው እዚህ ልደታ ነው። በማለዳ ጥቁር ጨርቅ ይዞ ሱቄ መጣ። ‹ሽብሩ፣ ለእኔ ኮት፣ ለባለቤቴ ቀሚስ፤ ቶሎ አድርስልኝ› አለኝ። ባለቤቴ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ገብቼ ልኳን ወሰድኩ። ድንኳን ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እግዜር ያጥናሽ እያለ እጇን ጨብጦ ያልፍ ነበር። ለሠራተኛ እግዜር ያጥናሽ አይባልም፤ ሠራተኛ ንፍሮ ታዞራለች እንጂ ፍራሽ ላይ አትቀመጥም። እሷ ከል የለበሰችው እንደ ምራት ነው።»

«የሟች ዘመዶች ያንን አይተዋል?»

«አይተዋል። አየለ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ከእሷ ቀጥሎ ነው የተቀመጠው። የእሱንም ጥቁር ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰው የእሷን እጅ ጨብጦ ሲጨርስ የሚቀጥለው እጅ የእሱ ነበር።»

ዳኛዋ አየለን አዩት። «እውነት ነው?»

ጠበቃው ሊነሳ ሲል አየለ ቀደመው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰው መክሮት ነው። «ተቀምጫለሁ» አለ፤ ድምፁ አይሰማም ነበር።

ውሳኔው ሌላ ቀን ተነበበ። ያን ዕለት የሠፈሩ ግማሽ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ዳኛዋ «የሟች ሚስት ወይዘሮ አስካለ» ብለው ሲጀምሩ አስካለ ማን እንደተጠራ ለማየት ዞር አለች፤ እስክትነሳ ድረስ ሰናይት ከኋላ ትከሻዋን ነካ ማድረግ ነበረባት። ሚስት መሆኗ ተረጋገጠ። የቤቱ እኩሌታ በራሷ መብት የእሷ ሆነ፤ ማንም ሊያስወጣት አይችልም። የግርማ ድርሻ በውርስ የአየለ ሆነ፤ ልጄ አስቀድማ እንደነገረቻት። ከዓመታት በኋላ ሠፈሩ ሲነሳ አስካለ ካሣዋን በገዛ ስሟ ተቀበለች፤ እስክታርፍም የኖረችው በራሷ ቤት ነው። ሰናይት ዛሬ የራሷን ልጆች ትቆጣለች፤ ከእኔ ትብሳለች ይሉኛል። ነቢል የባንክ የሕግ ሰው ሆኖ ክራባት ያስራል፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ግን ከሰላምታ በፊት «አሜን» ይለኛል። ብዙ ሰው የዛሬ ልጆች ያለ ገንዘብ አይንቀሳቀሱም ብሎ ሲያማርር እሰማለሁ፤ እኔም በጉብዝናዬ ወራት ብዬዋለሁ። የማውቀውን ልናገር ከተባልኩ ግን፣ ልጆች ጊዜያቸውን በነጻ ሰጥተው ሲሠሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ አይደለም። ድንኳን የምንሰጣቸው ትልልቆቹ ነን አንዳንዴ የምንጠፋው።

ያን ዕለት ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አስካለ በእጇ ከለከለቻቸው። አየለ ደረጃው ላይ ብቻውን ቆሞ ነበር። ጠበቃው ጥሎት ሄዷል። ወደ ወሊሶ የሚመለስበትን መኪና ሰዓት እያሰበ ይሆናል፤ ወይም ሰው እንዳያየው ፈርቶ። አስካለ ወደ እሱ ሄደች። እኛ ከኋላዋ ቆምን፤ ምን ልትለው እንደሆነ አላወቅንም።

«ምሳ ሳትበላ ነው የምትሄደው?» አለችው።

ዓይኑን ወደ መንገዱ አዞረ።

«የአጎትህ ቤት አለ፤ የአጎትህ ሚስት አለች። ጦምህን ሄደህ ሰው ምን ይለኛል?»

ተከተላት። በእግራችን ነበር የሄድነው፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እኔና ሰናይት ከኋላ። የካሴት ቤቱ ልጅ ዘፈን ለቆ ነበር፤ ከሏን ሲያይ ቀነሰው። ቤቷ ገባን። እኔን ግርማ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ሽሮ ነው የቀረበው፤ ሌላ አልነበራትም፤ አላፈረችበትም። ከዚያ ለእጃችን መታጠቢያ ጆጉንና ሳፋውን አንስታ መጣች። በእኛ ሀገር እንግዳን የሚያስታጥብ ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ከሌለ ደግሞ በዕድሜ ታናሽ የሆነው የቤቱ ልጅ። ወደ አየለ ቀርባ ጎንበስ ልትል ስትል እሱ ከወንበሩ ተነሳ። ጆጉን ከእጇ ወሰደ። ሳፋውን ከፊቷ አስቀመጠና «መጀመሪያ እርስዎ» አላት። እስከዚያ ቀን አንቺ ነበር የሚላት። እጇን ዘረጋች፤ ውኃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰላት።